ጉዳት ሁሉ ምክንያት አለው
የሚረሱ አረጋውያንን «ምክንያቱ ካልታወቀ» ጉዳት ስለ መጠበቅ

(ደብረ ማርቆስ ላይ ለአረጋውያን ተንከባካቢዎችና ለቤተሰቦች የቀረበ ንግግር፤ ከጥቂት ድግግሞሽ በቀር እንደተነገረው የተጻፈ)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ከመጦሪያ ማእከላት የመጣችሁ ተንከባካቢዎች፣ የዕድር ተወካዮች፣ እንዲሁም የነርስነት ትምህርት ላይ ያላችሁ ልጆቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ? ከሞጣ፣ ከቢቸናና ከደጀን በሌሊት ተነሥታችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ፤ እግዚአብሔር ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። እኔ በነርስነት 31 ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ አረጋውያን በሚጦሩበት አንድ ቤት በሳምንት ሦስት ቀን አግዛለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ያየሁትን፣ ያነበብሁትንና ያጠፋሁትን ነው።

ከጥፋቴ ልጀምር። እናቴ መርሳት ከጀመረች ሦስት ዓመት አልፏት ነበር። አንድ የጥቅምት ሰኞ በምርኩዟ እስከ ደጃፍ ወጥታ ፀሐይ ሞቀች። ማክሰኞ ጠዋት ልብሷን ልቀይር ሳገላብጣት እጄን ነከሰችኝ። በዕድሜዋ ሰው ነክሳ አታውቅም። ከአልጋ አልወርድም ስትል «ብርዱ ነው» አልሁ፤ ምሳዋን ስትገፋ «ሕመሙ ጠባይዋን እየለወጠው ነው» አልሁ። ነርስ ነኝ እኮ! የሰው እናት ብትሆን ልብሷን ገልጬ፣ ከራሷ እስከ እግሯ አይቼ፣ ዳብሼ የምነሣ ሰው የገዛ እናቴን አራት ቀን ሙሉ ሳላያት ቆየሁ። ቅዳሜ ጎረቤታችን ቡና ልትጠጣ መጥታ «የእትዬ ቀኝ እግር አጠረ ልበል?» አለችኝ። ጋቢውን ገለጥሁት። ቀኝ እግሯ ከግራው አጥሮ፣ ጣቶቿ ወደ ውጭ ዞረው ነበር። ራጅ ሲነሣ የጭኗ አጥንት አንገቱ ላይ፣ ከዳሌ መጋጠሚያው አጠገብ፣ ተሰብሯል። መቼ ወደቀች? የት ወደቀች? ማን አየ? እስከ ዛሬ አላውቅም።

እንግዲህ በሙያው ቋንቋ «ምክንያቱ ያልታወቀ ጉዳት» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። አሜሪካኖች ለመጦሪያ ቤቶቻቸው ባወጡት ደንብ ውስጥ ሁለት መለኪያ አስቀምጠውለታል፦ አንደኛ፣ ጉዳቱ ሲደርስ ያየ ሰው ከሌለና ተጧሪውም ራሱ ሊያስረዳ ካልቻለ፤ ሁለተኛ፣ ከስፋቱ፣ ካለበት ቦታ ወይም ከብዛቱ የተነሣ የሚያጠራጥር ከሆነ። እኔ ግን ስሙን አልወደውም። ጉዳት ሁሉ ምክንያት አለው፤ የጠፋው የሚያይ ዓይን ወይም የሚናገር አፍ ነው። አፋቸው ከድቷቸዋልና ዓይኑ መምጣት ያለበት ከእኛ ነው፤ ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር ይኸው ነው።

ጉዳዩ የጥቂቶች እንዳይመስላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከመርሳት በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከእነርሱም ከ60 በመቶ የሚበልጡት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች፣ ማለትም እንደኛ ባሉት፣ ያሉ ናቸው። እኛ «ጃጁ» ብለን ነው የምናልፈው። ቃሉ ራሱ ዓይን ያስጨፍናል፤ የጃጀ ሰው ቢያቃስት ማን ይሰማዋል?

ሦስት ነገር እናገራለሁ፦ ጉዳቱ ከየት እንደሚመጣ፣ የተገኘ ዕለት ምን እንደሚደረግ፣ ሳይደርስ እንዴት እንደሚጠበቅ። ሁለተኛው ላይ ብዙ ብቆይ ታገሡኝ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ ከየት ይመጣል? ከሰውነቱ ልነሣ። ሰው ሲያረጅ ቆዳው ይሳሳል፣ ከሥሩ የነበረው ስብ ይቀንሳል፣ ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮችም ድጋፍ ያጣሉ። ለጎልማሳ ምንም ያልሆነ የወንበር ጠርዝ የአረጋዊን ክንድ ያበልዛል፤ በጥፍር መነካት ብቻ ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይገሸለጣል። ደም እንዳይረጋ የሚሰጡትን አስፕሪን ወይም ዋርፋሪን የሚወስድ ከሆነ በለዙ ይሰፋል፤ ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት ለረዥም ጊዜ የወሰደ ከሆነ ቆዳው ከዕድሜው በላይ ሳስቷል። አጥንቱ የሳሳ ሰው ደግሞ ሳይወድቅ፣ ሲገላበጥ ብቻ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ በለዝ ያየ ሁሉ «ማን መታቸው?» ብሎ መነሣት የለበትም። ግን ደግሞ «እርጅና ነው» ብሎ መቀመጥም የለበትም፤ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ሥራ ነው የእኛ ሥራ።

ከሰውነቱ ቀጥሎ የሚመጣው የቆየ ልማድ ነው፤ ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፣ ከአንድ መሪጌታ ተማርሁት። የዋሸራን ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው። የልጆቻቸውን ስም ረስተዋል፤ ዳዊቱን ግን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ይወርዱታል። እኚህ አባት በየጥቂት ቀኑ ጠዋት ሲነሡ የቀኝ እጃቸው አንጓዎች ተልጠው፣ ቀኝ ጉልበታቸው በልዞ ይገኛል። ሲጠየቁ «ምንም የለም ልጄ» ይላሉ። የሌሊት ተረኞቹ እርስ በርስ መጠራጠር ጀመሩ፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ፊቱ ጠቆረ። በመጨረሻ አንዲት ልጅ ፋኖሷን ዝቅ አድርጋ ሌሊቱን ሙሉ በር ላይ ተቀመጠች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መሪጌታ ነቁ፤ «ሰዓታት ደረሰ» አሉና መቋሚያቸውን ፍለጋ ቀኝ እጃቸውን ሰደው፣ ቀኝ ጉልበታቸውን አስቀድመው፣ በቀጥታ ከግድግዳው ጋር ተላተሙ። ነገሩ እንዴት ነው? እቤታቸው የሚተኙበት መደብ ግድግዳው በግራ በኩል ነበር፤ ዕድሜ ልካቸውን የሚወርዱት በቀኝ ነው። እኛ ግን አልጋውን ግድግዳው በቀኝ እንዲሆን አድርገን አስጠግተነዋል። አልጋውን አዞርነው። መቋሚያውን ከራስጌው አቆምንላቸው። በለዙ ያን ሳምንት ቀረ።

ሌላም ልጨምር። አንዲት እሜቴ ሦስት የጣቶቻቸው ጫፍ ውኃ ቋጥሮ ተገኘ። ምድጃ አጠገብ አይቀመጡም፣ ውኃም አያፈሉም። ማን አቃጠላቸው? ያወቅነው ቡና ሲቆላ ነው። ሽታው ሲደርሳቸው ከተቀመጡበት ይነሣሉ፤ ቡናውን የምትቆላዋ ልጅ ዞር ስትል እርሳቸው እጃቸውን ወደ ብረት ምጣዱ ይሰዳሉ፤ ቡናው በስሎ እንደሆነ በጣታቸው ሊያዩ። ስልሳ ዓመት ቡና የቆላ እጅ ረስቶ አልረሳም። ከዚያ ወዲህ ቡና ከመቆላቱ በፊት ጥሬውን በሰፌድ እናቀርብላቸዋለን፤ ሲለቅሙ ይቆያሉ፣ ምጣዱም ከእርሳቸው ራቅ ብሎ በምትቆላዋ ልጅና በግድግዳው መካከል ይጣዳል።

ለምን ይህን ሁሉ ተረክሁላችሁ? አንድ አረጋዊ ወደ ማእከል ሲገባ ስሙንና የመድኃኒቱን ዝርዝር ብቻ አትጻፉ። በየትኛው ጎን ይተኛ ነበር? ስንት ሰዓት ይነሣ ነበር? ሥራው ምን ነበር? ሲነሣ መጀመሪያ የሚይዘው ምንድን ነው? ይህን የሚያውቁት ቤተሰቦቹ ናቸው፤ እናንተም ቤተሰቦች ሳትጠየቁ ንገሩን።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፤ የበለዘ ወይም ያበጠ ቦታ የተገኘ ዕለት ምን ይደረጋል? ከሁሉ በፊት ሰውየው ይታከማል። ይህን መናገር አስፈላጊ ሆኖ ሳይሆን ሲረሳ ስላየሁ ነው፤ «ማን አደረገው?» በሚለው ጭቅጭቅ ሁለት ሰዓት አልፎ አረጋዊው ከነሕመሙ የተቀመጠበትን ቀን አውቃለሁ። የሚረሳ ሰው «አመመኝ» ላይል ይችላል፤ ሕመሙን የሚናገረው በትንፋሹ፣ በማቃሰቱ፣ በፊቱ መኮሳተር፣ በሰውነቱ መወጣጠርና ሲያባብሉት እንቢ በማለቱ ነው። እነዚህን አምስት ምልክቶች ከዜሮ እስከ ሁለት እየሰጡ እስከ 10 የሚደምሩበት መለኪያ በ2003 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። እናቴ እጄን ስትነክሰኝ እየነገረችኝ ነበር። አጥሮ ወደ ውጭ የዞረ እግር ካያችሁ ደግሞ ወጌሻ ጠርታችሁ አታሳሹ፤ እግሩን ሳታንቀሳቅሱ ራጅ ወዳለበት ውሰዱ። ወጌሾቻችንን ንቄ አይደለም፤ የጭን አጥንት አንገት ስብራት ግን በማሸት የሚመለስ አይደለም።

ቀጥሎ ይጻፋል። አንድ ወረቀት ላይ የሰው ቅርጽ ከፊትና ከኋላ ይሳላል፤ ጉዳቱ ባለበት ቦታ ምልክት ይደረጋል፤ በማስመሪያ ተለክቶ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ፣ ማን እንዳገኘው፣ በስንት ሰዓት እንደተገኘ ይሰፍራል። እባካችሁ ቀለሙን አይታችሁ «ይሄ የሦስት ቀን ነው» አትበሉ። እኔም በዚህ ስሳሳት ኖሬአለሁ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎችን በለዝ በየቀኑ እየተከታተለ ያየና በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ቢጫ ቀለም በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ እንኳ ሊታይ እንደሚችል አሳይቷል። በቀለም ቀን ቆጥሮ የማክሰኞውን ተረኛ መክሰስ ስንት ንጹሕ ሰው አስለቅሷል!

ያው ጥናት ሌላም ጠቃሚ ነገር ነግሮናል። ሳይታሰብ ከደረሱት በለዞች 90 በመቶ የሚሆኑት እጅና እግር ላይ ነበሩ፤ አንገት፣ ጆሮ፣ መቀመጫ፣ ሐፍረተ ሥጋና የውስጥ እግር ላይ አልተገኙም። እንግዲህ ጆሮ ላይ ወይም አንገት ላይ በለዝ ስታዩ ልባችሁ ይንቃ። የእጅ መዳፍ፣ የገመድ ወይም የዱላ ቅርጽ ያለው፣ በሁለቱም ወገን እኩል የሆነ፣ ፊት ወይም ጀርባ ላይ ያረፈ፣ ወይም በተጠየቀ ቁጥር ታሪኩ የሚለዋወጥ ጉዳት ሲሆን ለበላይ አካል ሳይነገር አይደር። አሜሪካ በዚህ ላይ ቁርጥ ያለ ሰዓት አላት፦ የበደል ጥርጣሬ ወይም ከባድ የአካል ጉዳት ካለ በ2 ሰዓት ውስጥ፣ ከዚያ ውጭ ከሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ ይነገራል፤ የምርመራው ውጤት ደግሞ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ይቀርባል። እኛ ዘንድ የማእከሉ ኃላፊ ይህን ሰዓት በራሱ ግድግዳ ላይ ጽፎ እንዳይለጥፍ የሚከለክለው ማን ነው?

ከዚያ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የተገኘ በለዝ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ያ ቦታ ንጹሕ ሆኖ የታየው መቼ ነው? ማን አጠባቸው? ማን አነሣቸው? ማን ልብስ ቀየረላቸው? ያለፉት ሦስት ፈረቃዎች ሰዎች አንድ በአንድ ይጠየቃሉ፤ ሁሉም እኩል ይጠየቃሉ፣ የጽዳት ሠራተኛዋም ጭምር። ጽዳት ሠራተኛ ብዙ ታያለች፤ የሚጠይቃት ግን የለም።

እዚህ ላይ የአንዲት እማሆይን ነገር ልንገራችሁ። በሁለቱም ክንዳቸው ላይ፣ ከብብት ዝቅ ብሎ፣ ከኋላ አራት ከፊት አንድ ክብ ክብ በለዝ ተገኘ። የጣት አሻራ መሆኑ ለማንም ግልጽ ነው። የጠዋት ተረኞቹን ሁለት ልጆች ስጠይቅ ሁለቱም «አላየሁም» አሉኝ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይባላል አይደል? በእኛ ሥራ ግን ዝም ባለ አፍ ምክንያት ሰው ይሰበራል። በዚያው ቀን ከኃላፊው ጋር ተነጋግረን «እውነቱን የተናገረ በመናገሩ አይቀጣም» ብለን አስታወቅን። ማታ አንደኛዋ እያለቀሰች መጣች። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የቀን ተረኞች ሲገቡ ሁሉም ታጥቦ ይጠብቅ ተብሎ መታዘዙ ስለማይቀር፣ ሁለት ሴት ልጆች 19 አረጋውያንን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምረው ያጥባሉ። የደብረ ማርቆስን የታኅሣሥ ጠዋት ታውቁታላችሁ። እማሆይ ብርዱን ፈርተው አልነሣም ይላሉ፤ አልጋውን ይይዛሉ፤ ልጆቹ በብብታቸው ገብተው ይስቧቸዋል። ክፋት የለም። ጥድፊያና ብርድ አለ። ያን ትእዛዝ ከሰጡት አንዷ ደግሞ እኔ ነበርሁ።

ምን አደረግን? የእማሆይን ትጥበት ወደ አራት ሰዓት፣ ፀሐይ ወደምትገባበት ክፍል አዛወርነው። ቀድመው ትኩስ ነገር ይጠጣሉ። የሚታጠቡበት ውኃ መጀመሪያ በክርን ይለካል፤ ከዚያ እጃቸውን እየነከሩ ራሳቸው ይጀምራሉ። ለመያዝ ምክንያት ጠፋ፤ በለዙም ጠፋ። ልጅቷን አባረን ቢሆን ኖሮስ? አዲሷም በ12 ሰዓት ትስባቸው ነበር።

እንዲህ ስል ግን ክፉ እጅ የለም እያልሁ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ባሰባሰባቸው ጥናቶች በመጦሪያ ተቋማት ከሚሠሩት መካከል 64.2 በመቶ የሚሆኑት ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ዓይነት በደል መፈጸማቸውን በራሳቸው አንደበት ተናግረዋል። ስድብና ማመናጨቅም በደል ውስጥ ይቆጠራል። ከሦስቱ ሁለት ማለት ነው፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ቆጥራችሁ እዩት። እኔም ራሴን ከአንዱ ጋር አልቆጥርም። ሰው ሆን ብሎ መትቶ ሲገኝ የሕግ ጉዳይ ነው፤ «የቤታችን ስም ይጠፋል» ተብሎ አይሸፈንም።

ሦስተኛው ጥበቃ ነው፤ ከላይ ብዙውን ስላልሁት በአጭሩ እሄዳለሁ። ቆዳ ቅባት ይወዳል። ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ በመጦሪያ ቤቶች ተሞክሮ በ2014 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ እጅና እግራቸውን በቀን ሁለት ጊዜ ቅባት የተቀቡት አረጋውያን የቆዳ መቀደዳቸው በግማሽ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። የእኛ ደጋ ከኅዳር እስከ ጥር ቆዳን ያደርቃል፤ ቫዝሊን ደግሞ ውድ አይደለም። ሳትፈትጉ፣ ጠጉሩ በተኛበት አቅጣጫ፣ በቀስታ ቀቡ። ጥፍራችሁን ቁረጡ፤ ቀለበትና ሰዓት ከእጃችሁ ይውለቅ። የአልጋና የወንበር ጠርዝ በጨርቅ ይጠቅለል። አልጋው ዝቅ ይበል፤ ከአልጋው እስከ መጸዳጃ ያለው መንገድ ሌሊት ደብዘዝ ያለ መብራት ይኑረው።

ማሰርን በተመለከተ ግን ትንሽ ልቆይ። «እንዳይጠፉ ነው»፣ «እንዳይወድቁ ነው» እየተባለ በየቤቱ፣ አልፎ አልፎም ጸበል ቦታ፣ እናቶችና አባቶች እግራቸው ታስሮ አይቻለሁ። ያሰረው ሰው ጨካኝ ስለሆነ አይደለም፤ ሌሊት ወጥተው ጅብ እንዳይበላቸው የፈራ ልጅ ነው። ነገር ግን የታሰረ ሰው ይታገላል፣ ሲታገል ቁርጭምጭሚቱ ይላጣል፣ ከነገመዱ ይወድቃል፤ ተኝቶ ሲውልም ጡንቻው ይከዳዋልና በተፈታ ዕለት መውደቁ አይቀርም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 18 ማንኛውም ሰው ከጭካኔና ኢሰብኣዊ ከሆነ አያያዝ እንደሚጠበቅ ደንግጓል፤ የረሳ ሰው ከዚህ አልተለየም። በሩ ላይ ቃጭል እሰሩ፤ ሰውየውን አትሰሩ። ቀን በእግራቸው ይዘዋወሩ፤ ማታ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

ጊዜዬ እያለቀ ነው። እናንሣ ስትሉ በብብት ገብቶ መሳብ ይቅር ብያለሁና፣ በምን እንያዝ የምትሉ ትኖራላችሁ። ውጭ አገር ለዚህ ተብሎ የሚሸጥ ሰፊ ቀበቶ አለ። እኛ አገር ግን እናቶቻችን ወገባቸው ላይ ታጥቀውት ነው የሚመጡት። መቀነት ነዋ! ሰፋ ተደርጎ፣ ከልብሱ በላይ ወገብ ላይ ከዞረና እጅ ብቻ በሚያስገባ ልክ ከጠበቀ፣ ከክንዱ ይልቅ መቀነቱን ይዞ ማስነሣት ይቻላል፤ ሆዱን በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ወይም የጎን አጥንቱ የተሰበረ ሰው ሲሆን ግን አይደረግም። በቃል ከምነግራችሁ ብታዩት ይሻላል። ሻዩ ከመምጣቱ በፊት ሁለት ሰው ወደ ፊት ይምጡልኝ፤ አንዱ እንደ ተጧሪ ወንበር ላይ የሚቀመጥ፣ አንዱ የሚያነሣ። መቀነት የታጠቃችሁ እናት ካላችሁ ለጥቂት ደቂቃ አውሱኝ፤ የሰው ቅርጽ የተሳለባቸው ወረቀቶችም በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አሉ፤ ስትወጡ ለየማእከላችሁ ውሰዱ።